ዳክስሁንድ ወይስ የሀበሻ ውሻ? ከከተማ ዳር ለሚኖር ገዢ

ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ ወይም ኮዬ ፈጬ አዲስ ቤት የገባ ሰው ውሎ ሳያድር ውሻ ያምረዋል። አጥሩ ገና ቆርቆሮ ነው፣ ማታ ጅብ ይጮኻል፣ ጎረቤቱም ገና አልገባም። ልጆች ስልክ ላይ ያዩትን ወገበ ረጅሙን፣ እግረ አጭሩን ዳክስሁንድ ካልገዛችሁልን ይላሉ። አባት ደግሞ የሀበሻ ውሻ ምን አነሰው ይላል።

ለጥበቃ ከሆነ ክርክር የለውም፤ የሀበሻው ይበልጣል። ዳክስሁንድ ድምፁ ከቁመቱ በላይ ነው፣ መንገደኛ ባለፈ ቁጥር ይጮኻል። ግን ትልቁ ዓይነት ከ7 እስከ 15 ኪሎ፣ ትንሹ ከ5 ኪሎ በታች ነው። እሱን ሌሊት ደጅ ማሳደር ለጅብ እራት ማቅረብ ነው። የሀበሻውም ጅብ አያሸንፍም፤ ግን መሸሽ ያለበትን ሰዓት ያውቃል፣ የሚሮጥበት እግርም አለው።

ዋናው ልዩነት ጀርባው ላይ ነው። የዳክስሁንድን እግር ያሳጠረው ዘረመል ዲስኩንም ያለ ዕድሜው ያስረጀዋል። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ለስላሳ ነገር ገና በልጅነቱ ይደርቃል፣ ይጠጥራል። አንድ ቀን ከሶፋ ሲዘል፣ አንዳንዴም ምንም ሳያደርግ፣ ዲስኩ ፈንድቶ ህብለ ሰረሰሩን ይጫናል። ከአራት ወይም ከአምስት ዳክስሁንድ አንዱን ያገኘዋል፣ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ። የሀበሻው እግሩም ወገቡም የተመጣጠነ ስለሆነ ይህ ጣጣ ብዙም አያሰጋውም።

ስለዚህ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ዳክስሁንዱን በቀን ሁለት ሦስቴ ተሸክማችሁ መውጣትና መውረድ አለባችሁ። ሲያነሱትም ዘዴ አለው። አንድ እጅ ደረቱ ስር፣ ሌላው ቂጡ ስር ገብቶ ወገቡ ቀጥ እንዳለ ነው የሚነሳው። ልጆች እንደሚያደርጉት በፊት እግሮቹ ብብት አንጠልጥሎ ማንሳት ክልክል ነው። ሲወጣ ሲወርድ ማሰሪያው ደረቱ ላይ ይሁን፣ አንገቱ ላይ አይደለም።

ጀርባውን ካጎበጠ፣ ሲነካ ካለቀሰ፣ የኋላ እግሮቹ ከተጠላለፉ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂድ። እግሩን ጨርሶ መጎተት ከጀመረ የሚቆጠረው ሰዓት ነው። ቀላል ሲሆን ጠባብ ቦታ ላይ አራት ሳምንትና ከዚያ በላይ አሳርፎ በመድኃኒት ማከም ይቻላል። ሲከፋ ግን ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል፣ ከዚያ በፊት ደግሞ የኤምአርአይ ወይም የሲቲ ምርመራ። ይህን ለውሻ የሚሰራ ማን እንደሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። ለገላንና ለዱከም ሰው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢሾፍቱ ቅርቡ ነው። እስኪደርስ ያስታግስለት ብላችሁ ግን የራሳችሁን ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን እንዳትሰጡት፤ ለውሻ መርዝ ነው።

ምግብ ላይ ሁለቱም ሆዳም ናቸው። የሀበሻው ግቢውን ሲዞር ያቃጥለዋል፣ ዳክስሁንዱ ወገቡ ላይ ያከማቸዋል። የተረፈች ኪሎ ሁሉ ደግሞ ያችው ጀርባ ላይ ናት። ጎድን አጥንቱ ሲዳሰስ ካልተገኘ ወፍሯል ማለት ነው። የወጥ ትርፍራፊ ለሁለቱም አይሆንም፤ ወጣችን ሽንኩርት ነው፣ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። ከሥጋ ቤት የምታመጡት ሳንባና ጉበት በደንብ ይቀቀል። ጥሬውን ከበላ የሚይዘው ትል እንቁላል በዓይነ ምድሩ ይወጣና ለልጆቻችሁ ይተርፋል።

ጠባዩን በተመለከተ ዳክስሁንድ ጀርመኖች ጉድጓድ ገብቶ አውሬ እንዲያድን ያራቡት ውሻ ነው። ጎመን ተክላችሁ ከሆነ ቻው በሉት። ግትር ነው፣ ሽንት ቤት ማስለመዱም ትዕግስት ይጠይቃል፣ የሚጎትተውን ሕፃን ይነክሳል። በተረፈ እንደሱ ከሰው እግር ስር የማይጠፋ፣ ቤት የሚያሞቅ ውሻ የለም። ቀኑን ሙሉ ቤት ሰው ካለ፣ ምድር ቤት ወይም ቪላ ከሆነ፣ እኔ ዳክስሁንድ ግዙ እላለሁ። ጠዋት ወጥታችሁ ማታ የምትገቡ ከሆነ ግን የሀበሻው ይሻላችኋል።

ክረምት ላይ ሱሉልታ ይበርዳል። የዳክስሁንድ ሆድ ጭቃውን እየጠረገ ስለሚሄድ በር ላይ ፎጣ ይቀመጥ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለሁለቱም በ3 ወር ይጀመርና በየዓመቱ ይደገማል።

ልትገዙ ስትሄዱ እናቱን ካላሳዩዋችሁ ተመለሱ። ስትራመድም እዩዋት። ከ8 ሳምንት በታች የሆነ ቡችላ አትቀበሉ፣ የክትባት ደብተሩን በእጃችሁ ያዙ። ክልስ ነው፣ ጀርባው ጤነኛ ነው የሚላችሁም ይኖራል። እግሩን ተመልከቱ፤ እንደ ዳክስሁንድ ካጠረ ያው ዘረመል ሊኖርበት ይችላል፣ እንክብካቤውም ያው ነው።