የታወጀው ወይስ ያለው? ፕሮሰሰር ለሚገዛ የጎጃም ሰው ንጽጽር

ባሕር ዳር ወይም ማርቆስ ኮምፒውተር ሱቅ ገብታችሁ ፕሮሰሰር ስትጠይቁ ከሁለት አንዱ መልስ ይጠብቃችኋል። ወይ ካርቶኑ ከመደርደሪያ ይወርዳል፤ ወይ «አዲሱ ወጥቷል፣ ሊገባ ነው፣ ቀብድ አስይዙና ትንሽ ታገሱ» ትባላላችሁ። ጣጣው ያለው «ወጥቷል» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ታውጇል ለማለት ነው? መሸጥ ጀምሯል? ወይስ አባይን ተሻግሯል?

አንድ ፕሮሰሰር አራት ቀን አለው፦ የታወጀበት፣ ውጭ አገር ለሽያጭ የቀረበበት፣ የሚሸከመው ማዘርቦርድ በሚቀመስ ዋጋ የተገኘበት፣ በመጨረሻም ደጀንን አልፎ እኛ ጋ የደረሰበት። ዜናው ስለ መጀመሪያው ያወራል፤ ኪስ የሚያውቀው አራተኛውን ነው። ማሳ ላይ ያለ ጤፍ ምንም ቢያምር ጎተራ ሳይገባ አይፈጭም።

በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቀን መካከል ያለው ርቀት ብቻውን ይህን ያህል ይለያያል (ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ራይዘን የኤኤምዲ፣ ስናፕድራጎን የኳልኮም ፕሮሰሰር ነው)፦

| ፕሮሰሰር | የታወጀበት | ለሽያጭ የቀረበበት | ርቀቱ |
|---|---|---|---|
| ኢንቴል 14ኛ ጄኔሬሽን፣ ዴስክቶፕ | ኦክቶበር 16፣ 2023 | ኦክቶበር 17፣ 2023 | 1 ቀን |
| ኢንቴል ኮር አልትራ 200ኤስ | ኦክቶበር 10፣ 2024 | ኦክቶበር 24፣ 2024 | 14 ቀን |
| ራይዘን 5000 | ኦክቶበር 8፣ 2020 | ኖቬምበር 5፣ 2020 | 28 ቀን |
| ራይዘን 5 9600ኤክስ | ጁን 3፣ 2024 | ኦገስት 8፣ 2024 | 2 ወር ከ5 ቀን |
| ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ | ጃንዋሪ 4፣ 2023 | ኤፕሪል 6፣ 2023 | 3 ወር |
| ራይዘን 9 3950ኤክስ | ጁን 10፣ 2019 | ኖቬምበር 25፣ 2019 | 5 ወር ተኩል |
| ስናፕድራጎን ኤክስ ኤሊት፣ ላፕቶፕ | ኦክቶበር 24፣ 2023 | ጁን 18፣ 2024 | 8 ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው |

በአንድ ቀን የደረሰው ቀልጣፋ ስለሆነ አይምሰላችሁ። 14ኛው ጄኔሬሽን በአመዛኙ 13ኛው ራሱ ነው፤ ቦርዱ ላይ የሚሰካበት ሶኬትም ያው፣ ቦርዱም ያው። ቶሎ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ አዲስነቱ ትንሽ የሆነው ነው። 3950ኤክስ ደግሞ ሲታወጅ 749 ዶላር ዋጋ ተቆርጦለት፣ «ሴፕቴምበር ይሸጣል» ተብሎለት ነበር፤ ኖቬምበር መጨረሻ ገባ። ራይዘን 9000ም ጁላይ 31 ተብሎ፣ የመጀመሪያው ምርት የተፈለገውን ጥራት አላሟላም በሚል ከነጋዴዎች ተሰብስቦ፣ ግማሹ ኦገስት 8 ግማሹ ኦገስት 15 ወጣ። ቀንና ዋጋ የተጻፈበት አዋጅም ይንሸራተታል ማለት ነው። «በዓመቱ አጋማሽ» ብቻ የሚለውንማ ከነጭራሹ አትቁጠሩት።

ለምን ሳይደርስ ያውጃሉ? ዋናው ምክንያት ፉክክር ነው። ማርች 6፣ 2000 ኤኤምዲ 1 ጊጋኸርዝ አትሎንን አወጀ፤ ኢንቴል በሁለት ቀን ውስጥ 1 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 3 ብሎ ተከተለ፣ ገበያ ላይ ግን በጣት የሚቆጠር ነበር። በዚያው ዓመት ጁላይ 31 ኢንቴል 1.13 ጊጋኸርዙን አወጣ፤ ገምጋሚዎች ሥራ ሲበዛበት እንደሚሳሳት አሳዩ፣ ኦገስት ሳያልቅ ተሰብስቦ ተመለሰ። ምክንያቱ ከአመራረቱ ነው። ከአንድ ዋፈር (ቺፖቹ ከሚቆረጡበት የሲሊኮን ዝርግ) የሚወጡ ቺፖች እኩል አይሆኑም፤ አንድ በአንድ ተፈትነው በሚችሉት ፍጥነት ይለያሉ። ከወንፊቱ ላይ የሚቀሩት ምርጦቹ ጥቂት ናቸው፤ አዋጁ የሚነገረው ግን በእነሱ ስም ነው።

ለሽያጭ ቀረበ ማለትም ተገኘ ማለት አይደለም። ራይዘን 9 5900ኤክስና 5950ኤክስ በወጡበት ዕለት አልቀው ለወራት ተፈልገዋል። 9800ኤክስ3ዲ በ479 ዶላር ኖቬምበር 7፣ 2024 ወጥቶ፣ ለሳምንታት የሚገኘው ዋጋ ከሚጨምሩ አትራፊዎች ዘንድ ብቻ ነበር።

እኛን ይበልጥ የሚመለከተው ሌላ ነገር አለ። አዋጁ ላይ የሚታዩት ውዶቹ ናቸው፤ አብዛኛው ሰው የሚገዛው ርካሹ ኋላ ይመጣል። 12ኛው ጄኔሬሽን ኖቬምበር 4፣ 2021 መሸጥ ሲጀምር ኮር አይ5 12400 አልነበረበትም፤ የታወጀው በጃንዋሪ 2022 ነው። ራይዘን 5 5600 ከወንድሙ ከ5600ኤክስ 17 ወር ዘግይቶ ኤፕሪል 2022 መጣ። ይብስ ያለው 5600ጂ ነው፦ ኤፕሪል 2021 ሲታወጅ የተሰጠው ኮምፒውተር ገጣጥመው ለሚሸጡ ፋብሪካዎች ብቻ ነበር፤ ለብቻው የተሸጠው ኦገስት 5፣ 2021 ነው። ቦርዱም እንደዚሁ ወደ ኋላ ይጎተታል። ለኮር አልትራ 200ኤስ መጀመሪያ የወጡት ውዶቹ ዜድ890 ቦርዶች ሲሆኑ ርካሹ ቢ860 የመጣው ከዓመት መለወጫው በኋላ ነው። ለራይዘን 3000 ከውዱ ኤክስ570 ቦርድ እስከ ርካሹ ቢ550 ድረስ አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር።

«አዲሱ ሲታወጅ አሮጌው ይረክሳል» የሚለው ምክር ውጭ አገር ይሠራል። እዚህ ዋጋውን የሚዘውረው ምንዛሪ ነው። ጁን 3፣ 2024 የታወጀውን ራይዘን 5 9600ኤክስ አስቡት፤ ሲወጣ ዋጋው 279 ዶላር ነበር። በዚያን ጊዜው የባንክ ምንዛሪ፣ በ57 ብር ገደማ፣ ወደ 15,900 ብር ይመጣል። ፕሮሰሰሩ እየተጠበቀ ሳለ ጁላይ 29 (ሐምሌ 22፣ 2016) ብር በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በሳምንታት ውስጥ ዶላር ከ100 ብር አለፈ፤ ያው 279 ዶላር ከ27,900 ብር በላይ ሆነ፣ ያውም ማጓጓዣና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሳይነካ። (ነጋዴው ቀድሞም በባንኩ ምንዛሪ ብቻ አያሰላም ነበር፤ ቢሆንም አቅጣጫው ያው ነው።) ሃያ ዶላር ቅናሽ ለመጠበቅ ሦስት ወር መቀመጥ እዚህ አገር ያከስራል።

እንግዲህ መደርደሪያ ላይ ወዳሉት እንምጣ። ሦስቱም 6 ኮር (ሥራ የሚሠራ ክፍል) እና 12 ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) አላቸው፣ በወረቀት 65 ዋት ናቸው።

ኮር አይ5 12400 ሲወጣ 192 ዶላር ነበር። እስከ 4.4 ጊጋኸርዝ ይሄዳል፣ ሥራ ሲበዛበት እስከ 117 ዋት ይስባል። ትልቁ ጥቅሙ ቦርዱ በዲዲአር4ም በዲዲአር5ም (በቆየውም በአዲሱም የራም ዓይነት) መገኘቱ ነው፤ ከአሮጌ ኮምፒውተር የተነቀለ ዲዲአር4 ራም ያለው ሰው ራም አይገዛም። ግራፊክስ (ምስል ወደ ስክሪን የሚያወጣው ክፍል) በውስጡ አለው። ራይዘን 5 5600 በ199 ዶላር የወጣ ነው፤ ፍጥነቱ ያው ነው፣ ሲጫን የሚስበው ግን 76 ዋት ብቻ ነው። ግራፊክስ ስለሌለው ካርድ ካልተሰካበት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ራይዘን 5 7600 በ229 ዶላር የወጣው እስከ 5.1 ጊጋኸርዝ ይሄዳል፣ ትንሽ ግራፊክስ አለው፣ ዲዲአር5 ብቻ ይወስዳል። ኤኤምዲ የኤኤም5 ሶኬትን እስከ 2027ና ከዚያም ወዲያ እደግፋለሁ ስላለ፣ ቦርዱን ይዞ ፕሮሰሰር ብቻ ለመለወጥ የሚያመቸው ይህ ነው።

የእኛ ምርጫ? ለጽሕፈትና ኅትመት ቤት፣ ለቢሮ፣ ለተማሪ ዴስክቶፕ 12400 ከዲዲአር4 ቦርድ ጋር። ከሦስት ዓመት በኋላ አሳድገዋለሁ ለሚል 7600። 5600ን የምንመክረው ከኤኤም5 በፊት የነበረው የኤኤም4 ሶኬት ቦርድ ላለው ብቻ ነው። እሱም አሮጌውን ፕሮሰሰር ከመንቀሉ በፊት ባዮሱን (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውን የቦርዱን ፕሮግራም) ያድስ፤ ቢ450 ቦርድ ባዮሱ አሮጌ ከሆነ 5600ን አያውቀውም፣ ፋኑ ይዞራል ምስል የለም። ነቅላችሁ ከሆነና ቦርዱ የባዮስ ፍላሽባክ ቁልፍ ካለው፣ የባዮሱን ፋይል በፋት32 ፎርማት በተደረገ ፍላሽ ላይ የቦርዱ መመሪያ በሚያዘው ስም አድርጋችሁ ምልክት በተደረገበት የዩኤስቢ ቀዳዳ ሰክታችሁ ያለ ፕሮሰሰር ማደስ ትችላላችሁ። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ግን ቦርዱ ሊሞት ይችላል፤ ያለ ዩፒኤስ አትጀምሩት።

የሠርግ ቪዲዮ የምታቀናብሩ አንድ ፊደል ልብ በሉ። 12400ኤፍ ከ12400 የሚረክሰው ግራፊክሱ ስለተዘጋ ነው፤ ከግራፊክሱ ጋር ቪዲዮ የሚፈታውና የሚጨምቀው ክፍል፣ ኩዊክ ሲንክም ይሄዳል። በኤች.265 (አጥብቆ በሚጨምቅ የቪዲዮ ዓይነት) የተቀረጸ ምስል አዶቢ ፕሪሚየር ላይ ሲንተፋተፍ ብዙ ጊዜ ፕሮሰሰሩ ደክሞ ሳይሆን ይቺ ክፍል ስለሌለች ነው።

ማቀዝቀዣም አይረሳ። በካርቶን የሚመጡት 12400፣ 5600ና 7600 ማቀዝቀዣ አላቸው፤ በትሬይ (ያለ ካርቶን) የሚመጡት የላቸውም፤ 9600ኤክስም በካርቶን እንኳ ያለ ማቀዝቀዣ ነው የሚሸጠው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ወለሉ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ ፋኑ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል። ብርዱ ግን ያካክሰዋል። የሚያሰጋው ባሕር ዳር በሚያዝያ፣ አቧራ የጠጣ ማቀዝቀዣ ላይ ነው።

ላፕቶፕ ላይ የአዋጁ ብልሃት ሌላ ነው፤ አዲስ ስም በአሮጌ ቺፕ ላይ ይለጠፋል። በራይዘን 7000 ላፕቶፖች ሦስተኛዋን አኃዝ እዩ (ዜን የኤኤምዲ ንድፍ ስም ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሮጌ ነው)፦ 7520ዩ ዜን 2 ነው፣ 7530ዩ ዜን 3፣ 7540ዩ ዜን 4። ሦስቱም «7000 ሲሪስ» ተብለው ይሸጣሉ። በኢንቴልም አይ5 1235ዩ፣ አይ5 1335ዩ እና ኮር 5 120ዩ ሁሉም 2 ትልልቅና 8 ትንንሽ ኮር ያላቸው የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ ለስሙ ብላችሁ ብዙ አትጨምሩ። ያገለገለ የኢንቴል ላፕቶፕ ከሆነ ከ8ኛ ጄኔሬሽን በታች አትውረዱ። ከዚያ በታች ያለውን ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበለውም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል። ስናፕድራጎን ላፕቶፕ ባትሪው የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን የአታሚና የስካነር ድራይቨር ለእሱ ተብሎ ካልተሠራ አይጫንም። የምትሠሩበትን ፕሮግራምና አታሚ ሱቁ ውስጥ ሳትሞክሩ ገንዘብ አትቁጠሩ።

ያገለገለ የኢንቴል 13ኛ ወይም 14ኛ ጄኔሬሽን አይ7ና አይ9 ዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ሲቀርብላችሁ ቮልቴጁ ከልክ እያለፈ ቺፑን የሚጎዳው ችግር ትዝ ይበላችሁ። ማስተካከያው በ2024 በባዮስ መጣ፤ የቆየ ጉዳትን ግን አይፈውስም። 12ኛውን ይህ አይነካውም።

በመንገደኛ ማስመጣት መካከለኛው መንገድ ነው፤ ዕቃው ውጭ አገር በትክክል እየተሸጠ ከሆነ ብቻ። እንደ 5600 ያለ ኤኤም4 ፕሮሰሰር 1,331 ፒን (መርፌ መሰል እግር) ከሆዱ ላይ አለው፤ ከፕላስቲክ ቅርፊቱ ወጥቶ ሻንጣ ኪስ ውስጥ ከተጣለ ይጣመማል። ሲደርሳችሁ ዓይናችሁን በፒኖቹ ልክ ዝቅ አድርጋችሁ በረድፍ እዩት፤ የዘመመ ካለ እርሳሱ የወጣለት የ0.5 ሚሊሜትር ሜካኒካል እርሳስ አፍ አልብሳችሁ ቀስ ብላችሁ አቅኑት፣ ደጋግማችሁ ካጠፋችሁት ይሰበራል። 7600ና የኢንቴሎቹ ፒናቸው ቦርዱ ላይ ስለሆነ በመንገድ ፒን አይጣመምባቸውም።

ከሽያጭ ቀኑ በፊት «እኔ ጋ አለ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ የፕሮሰሰሩን የብረት ክዳን አንብቡ። «ኢንቴል ኮንፊደንሻል» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካለበት፣ ወይም ኢንቴል ሆኖ በኤስአር በሚጀምር መለያ ፈንታ በኪው የሚጀምር አራት ሆሄ ካለው፣ ለሙከራ የተሠራ ናሙና ነው። ዋስትና የለውም፤ የዛሬ ባዮስ ቢያውቀው የነገው ላያውቀው ይችላል።

ቀብዱስ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል ይላል። ሻጩ ግን «አፈረስኩ» አይልም፤ «ዘገየ» ነው የሚለው። ስለዚህ የማስረከቢያ ቀን ይጻፍ፣ ከዚያ ቀን ካለፈ ውሉ በሻጩ እንደፈረሰ ይቆጠራል ይባል። ዋጋው በብር ይቆረጥ፤ «በዕለቱ ምንዛሪ» የሚል ካለ የምንዛሪው ሸክም የእናንተ ነው። የዕቃው ስም እስከ መጨረሻዋ ፊደል፣ በካርቶን ወይስ በትሬይ እንደሆነ ተለይቶ ይስፈር። ዕቃው ሲመጣም ካርቶኑን አይታችሁ አትሂዱ፤ ሱቁ ጠረጴዛ ላይ ቦርድ ላይ ይገጠም፣ ባዮሱ ይከፈት፣ ስሙ ስክሪኑ ላይ ከደረሰኙ ጋር ይመሳከር፣ ቀሪው ክፍያ ከዚያ በኋላ ይሁን።