ተምችን በጠረን መመከት፦ ዝሆን ሣር ወይስ ብራኪያሪያ?

የአሜሪካ ተምች በ2009 ዓ.ም. ሸካ ዞን የኪ ወረዳ ላይ ከታየ ወዲህ ለበቆሎ አምራች የሚመከሩት የተክል ጥንዶች ሁለት ናቸው፤ ባለ ብርማ ቅጠል ደስሞዲየም (የባቄላ ወገን የሆነ የመኖ ተክል) ከዝሆን ሣር ጋር፣ ወይም ባለ አረንጓዴ ቅጠል ደስሞዲየም ሙላቶ ሁለት ከሚባለው የብራኪያሪያ ሣር ጋር። በሁለቱም፣ በበቆሎው መካከል የሚዘራው ደስሞዲየም እንቁላል ልትጥል የመጣችውን የተምቹን የእሳት እራት በጠረኑ ያርቃል፤ ዙሪያውን የተተከለው ሣር ደግሞ ወደ ራሱ ይስባታል።

ማሳዎ ሙቀታማና ዝናብ አጠር ከሆነ ያለማመንታት ሁለተኛውን ይምረጡ። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ በተደረገ ጥናት ይህ ጥንድ በአንድ የበቆሎ ተክል ላይ የሚገኘውን የትል ቁጥር በ83 በመቶ ገደማ ቀንሷል። የሙላቶ ዘር ግን ውድ ነው፤ ድቅል በመሆኑም ከማሳዎ የሚለቅሙት ፍሬ አብዛኛው ባዶ ይሆናል። ጥቂት ገዝተው ከነሥሩ እየገነጠሉ ቢያባዙት ይሻላል።

ዝናብ በሚበቃው ወይና ደጋ፣ ላም ላለው ሰው ዝሆን ሣር ያዋጣል፤ ቁራጩ ከጎረቤትም ይገኛል። ባለ 3 አንጓ ቁራጭ ይዘው 2ቱን አንጓ ይቅበሩ። 50 በ50 ሜትር ለሆነ ማሳ፣ በ3 መስመር፣ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ 1,200 ቁራጭ ገደማ ያስፈልጋል። ቢጫና የቀጨጨ ቁጥቋጦ ካለበት ቦታ አይውሰዱ፤ በሽታው ከቁራጩ ጋር ይመጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደስሞዲየሙ ላይ ነው። ለዚሁ ሩብ ሄክታር 600 ግራም ያህል ዘር ይበቃል። እጥፉን ደቃቅ ደረቅ አሸዋ ቀላቅለው በ75 ሳንቲ ሜትር በተራራቁት የበቆሎ መስመሮች መካከል፣ ከ1 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት ይዝሩ፤ ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ጠልቆ ከገባ አይበቅልም። በ3ኛውና በ6ኛው ሳምንት አካባቢ በእጅ ይታረም። አራሚው ቡቃያውን አረም መስሎት እንዳይነቅለው አስቀድመው ያሳዩት፤ ቅጠሉ በሦስት በሦስት ይወጣል፣ ብርማው መሐል ለመሐል ነጣ ያለ ሰንበር አለው። አዝጋሚ ተክል በመሆኑ በመጀመሪያው ወቅት ጠረኑ ብዙ አይረዳም፤ በዚያ ዓመት ተምቹን በአሰሳና በእጅ ለቀማ መከታተል ግድ ነው። አቀንጭራ (የበቆሎ ሥር ላይ የሚጣበቅ ጥገኛ አረም) ላስቸገረው ማሳ ግን ሥሩ ከሚያመነጨው ንጥረ ነገር የተነሳ ተጨማሪ ጥቅም አለው።

ከአዝመራ በኋላ ከብት በነፃ የሚለቀቅበት አካባቢ ከሆነ፣ አጥር ሳያጥሩ የትኛውንም አይግዙ። ደስሞዲየም ቋሚ ተክል ነው፤ ሥር ሳይሰድ ከተጋጠ ለቀጣዩ ክረምት አይተርፍም።