የሻዴን ስድስት አልበሞች በተራ የሚያሰማ የለገጣፎ ቡና ቤት

ለገጣፎ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ የሚገኝ አንድ ቡና ቤት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ የአንድን ድምፃዊ ሥራዎች ከመጀመሪያው ሸክላ እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል ያሰማል። የሰሞኑ ተራ የብሪታንያዊቷ ሻዴ አዱ ነበር። ዘፈኖቿን በየታክሲውና በየካፌው ከመሃል ተቆርጠው ስንሰማ ለኖርን አድማጮች ይህ ትልቅ አገልግሎት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1959 ናይጄሪያ፣ ኢባዳን ተወልዳ እንግሊዝ ያደገችው ሻዴ ለንደን ውስጥ የተማረችው የፋሽን ዲዛይን ነበር። በስሟ ከሚጠራው ባንድ ጋር «ዳይመንድ ላይፍ»ን በ1984 ካወጣች በኋላ ሁለተኛው አልበም በዓመቱ፣ ሦስተኛው በ1988፣ አራተኛው በ1992 ተከተሉ። አምስተኛው ግን 8 ዓመት፣ ስድስተኛው ደግሞ ሌላ 10 ዓመት አስጠብቋል። ያን ያህል ከገበያው ርቃ ቆይታ በ2010 ያወጣችው «ሶልጀር ኦፍ ላቭ» የአሜሪካን የአልበም ሽያጭ ሰንጠረዥ በአንደኛነት መቆጣጠሩ፣ አድማጯ እንዳልረሳት በቂ ማስረጃ ነው። ስድስቱን በአንድ ቁጭታ የሰማ ሰው፣ ከእሷ ጋር የባንዱ አባላት ስቱዋርት ማቲውማን፣ አንድሩ ሄልና ፖል ዴንማን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብረው መዝለቃቸው ለድምፁ ምን ያህል እንደጠቀመው ይገነዘባል፤ በእኔ እምነት የሻዴ ትልቁ ጥበብ ይህን ወዳጅነት መጠበቋ ነው።

አስተናጋጁ እያንዳንዱን ሸክላ በለስላሳ ብሩሽ ጠርጎ፣ መርፌውን በማንሻው ቀስ አድርጎ ያሳርፋል። የ1992ቱ አልበም መክፈቻ የሆነው፣ ከ7 ደቂቃ በላይ የሚረዝመው ዘፈን ሲጀምር የዴንማን ቤዝ ጊታር ከወንበሩ ሥር የሚመጣ ይመስል ነበር። ወጣቱ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ድምፁ በዝቶብዎት ይሆን?» ሲል ጠየቀኝ፤ እንዳይነካው ለመንኩት። ማኪያቶውም ጥሩ ነው።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። የቡና መፍጫው ከማጫወቻው አጠገብ በመሆኑ ጸጥ ያሉ መግቢያዎችን ይውጣቸዋል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ቢዛወር ይሻላል። ከዚህ የሚከብደው ግን ስድስተኛው አልበም የሚደርሰው ከመሸ በኋላ መሆኑ ነው። ወደ መገናኛ የሚመለሰው ደንበኛ ታክሲ እንዳያጣ ሲል አብዛኛው ሳይሰማው ይነሣል። ፕሮግራሙ ለሁለት እሑድ ተከፍሎ፣ የ2000 እና የ2010 አልበሞች የራሳቸው ቀን ቢሰጣቸው፣ ከመሃል ከተማ ድረስ መምጣት የሚያስቆጭ አይሆንም።