ሞሬይን ሐይቅ በፓርኩ ሸትል ባስ፦ ከልጆችና ከእናቴ ጋር

ሰመር ላይ ቤተሰብ ይዞ ወደ ካናዳ ሮኪ ተራሮች መሄድ የሚፈልግ ሰው ሲያማክረኝ መልሴ አንድ ነው። ሆቴል ከመያዛችሁ፣ መኪና ከመከራየታችሁ በፊት የፓርክስ ካናዳን (የብሔራዊ ፓርኮቹን መሥሪያ ቤት) ሸትል፣ ማለትም የሚመላለስ ባስ፣ ቡክ አድርጉ። የጉዞውን ቀን ባሱ ይወስነው፤ ሌላው ይከተላል። ብዙ ሰው የሚያቅደው በተቃራኒው ነው። የአውሮፕላን ትኬት ይቆርጣል፣ ሆቴል ይከፍላል፣ ከዚያ ሌክ ሉዊዝ የምትባለው መንደር ሲደርስ ባንፍ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ወዳለው ሞሬይን ሐይቅ በራስ መኪና መግባት እንደማይቻል ይነገረዋል። ልጆቹን ይዞ ይመለሳል። በጣም ያሳዝነኛል፤ ሐይቁ እዚያው ከተራራው ጀርባ ነውና።

እኛ ሰባት ነበርን። እኔና ባለቤቴ፣ ሁለት ሴት ልጆቻችን፣ ከቶሮንቶ የመጣችው እህቴ ከልጇ ጋር፣ እና ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ረጅም ዳገት አትወጣም፣ ብዙ መቆምም አትችልም። ስለዚህ ይህን አገልግሎት የምመዝነው በእሷ ጉልበትና በልጆቹ ትዕግስት ነው። የተራራ መውጣት ልምድ ያለው ወጣት ሌላ ነገር ሊል ይችላል።

መጀመሪያ ባሱ ለምን እንዳስፈለገ ላስረዳ። የሞሬይን ሐይቅ መንገድ ጠባብ ነው፣ ጫፉ ላይ ያለው መኪና ማቆሚያም ትንሽ ነው። ድሮ ቦታ ለማግኘት ሰው ሌሊት ተነስቶ ይሄድ ነበር። ከ2023 ጀምሮ ግን መንገዱ ለግል መኪና ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል። የሚገባው በፓርኩ ሸትል፣ ሮም (Roam) በሚባለው የአካባቢው የሕዝብ ባስ፣ ፈቃድ ባላቸው አስጎብኚዎች፣ ወይም በእግርና በብስክሌት ነው። የአካል ጉዳተኛ መኪና ማቆሚያ ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ በራሱ መኪና እንዲገባ ይፈቀድለታል። በቤታችሁ እንዲህ ያለ ፈቃድ ያለው ሰው ካለ ይህን ልብ በሉ።

ውሳኔውን ሲነቅፉት እሰማለሁ። እኔ ግን ደግፌዋለሁ። ሐይቁ ዳር ቆማችሁ የመኪና ጥሩምባ አትሰሙም። የጭስ ሽታ የለም። ልጆቹ ሲሮጡ «መኪና! መኪና!» እያልኩ አልጮህኩም። ለእናት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ቡኪንጉ። መቀመጫዎቹ የሚለቀቁት በሁለት ዙር ነው። 40 በመቶው በስፕሪንግ፣ ወቅቱ ገና ሳይጀምር ይለቀቃል። የቀረው 60 በመቶ የሚከፈተው ከጉዞው ቀን ሁለት ቀን አስቀድሞ፣ ጠዋት 8:00 ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። ሰዓቱ የአልበርታ ነው፤ ቶሮንቶ ያለ ሰው 10:00፣ ቫንኩቨር ያለ ሰው 7:00 ላይ ይቀመጥ። አካውንታችሁን ቀድማችሁ ክፈቱ፣ የባንክ ካርዱን አጠገባችሁ አድርጉ። ጣቢያው ሰልፍ ውስጥ ሲያስገባችሁ ገጹን ደጋግማችሁ አታድሱት፤ ተራችሁን ጠብቁ። ባለቤቴ በላፕቶፕ፣ እህቴ በስልኳ ገብተው ቀድሞ የደረሰው ያዘ። ለሰባት ሰው አንድ ላይ ማግኘት ከባድ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ተገኘ።

ዋጋው ጥሩ ነው። እኛ ስንሄድ ለአዋቂ 8 ዶላር፣ ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ 4 ዶላር፣ ለልጆች ነፃ ነበር፤ በኢንተርኔት ለመያዝ ትንሽ ክፍያ ይጨመራል። ከዚህ ጋር አወዳድሩት፦ ሌክ ሉዊዝ ዳር መኪና ለማቆም ብቻ በቀን ከ35 ዶላር በላይ ይጠየቃል፣ ቦታውም ገና በማለዳ ይሞላል። የባሱ ትኬት ግን የፓርክ መግቢያውን አይጨምርም። መግቢያው ለብቻው ነው። አንድ መኪና ውስጥ እስከ ሰባት ሰው ካለ የቤተሰብ ፓስ ይበቃል፤ በ2024 በቀን 22 ዶላር ነበር። ሳምንት ለሚቆይ ሰው የዓመቱ ፓስ ይሻላል። በ2025 ሰመር የፌዴራል መንግሥቱ መግቢያውን ነፃ አድርጎት ነበር፤ ከመክፈላችሁ በፊት የዘንድሮውን አጣሩ።

ባሱ የሚነሳው ከሌክ ሉዊዝ የበረዶ ሸርተቴ ማዕከል ነው። ሰፊ ማቆሚያ አለ፣ ለባስ ተሳፋሪ ነፃ ነው። ትኬታችሁ ላይ የአንድ ሰዓት ክፍተት ይጻፋል፣ በዚያ ውስጥ መድረስ ነው። ሹፌሩ እናቴን ሲያይ ወርዶ እጇን ይዞ አሳፈራት። ፊት ለፊት ካለው ወንበር አስቀመጣት። እሷም እስክንወርድ ድረስ መረቀችው፤ ቃሉ ባይገባውም ፈገግ ብሎ ሰማት። ጉዞው ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፣ በዛፍ መሃል። ከዚያ ድንገት ከሐይቁ በላይ የተደረደሩት አሥሩ የተራራ ጫፎች ይታያሉ።

እናቴ ውሃውን ስታየው መጀመሪያ ያለችው «ቀለም ጨምረውበት ነው እንዴ?» ነው። እህቴ አስረዳቻት። ከላይ ያለው ግግር በረዶ በዝግታ ሲንሸራተት ከሥሩ ያለውን ድንጋይ ይፈጨዋል። እንደ ጤፍ ዱቄት የላመው አፈር ከቀለጠው ውሃ ጋር ወርዶ ሐይቁ ውስጥ ተንሳፎ ይቆያል። የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበት ሰማያዊና አረንጓዴው ወደ ዓይናችን ይመለሳል። ለዚህ ነው በረዶው በደንብ ሲቀልጥ፣ ከሰኔ መጨረሻ በኋላ ቀለሙ የሚደምቀው። እዚህ የምለው ሰኔ የፈረንጆቹን ጁን ነው። ጁን መጀመሪያ ላይ የሄደ ሰው ገና በረዶ የሸፈነው ሐይቅ ሊያገኝ ይችላል።

ከማቆሚያው አጠገብ የድንጋይ ክምር አለ። ደረጃ ባለው አጭር መንገድ ይወጣበታል። ፎቶ ላይ የምታዩት እይታ ከዚያ ላይ ነው፤ በድሮው የካናዳ 20 ዶላር ኖት ጀርባ የነበረውም ይኸው ሐይቅ ነው። እኛ ከልጆቹ ጋር ወጣን፣ እናቴና ባለቤቴ ዳር ቁጭ አሉ። ከታችም በደንብ ይታያል። አዛውንት የያዘ ሰው «ካልወጣን ምን ዋጋ አለው» ብሎ አይጨነቅ።

ጃኬት ያዙ። ሐይቁ ከባሕር ጠለል 1,884 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ካልጋሪ ሙቀት እያለ እዚያ እጅ ይቆረጥማል። ምግብም ይዛችሁ ሂዱ። እኛ ፍርፍርና የተጠቀለለ እንጀራ በዕቃ ይዘን ነበር። የመሬት ሽኮኮዎች ሰው ስለለመዱ እግር ሥር ይመጣሉ። የእህቴ ልጅ እንጀራ ሊቆርስላቸው ሲል አስቆምነው። የዱር እንስሳ መመገብ በፓርኩ ሕግ ክልክል ነው፤ ቅጣቱ እስከ 25,000 ዶላር ይደርሳል። ከገንዘቡ ይልቅ ልጁን ያሳመነው ሌላ ምክንያት ነው። የሰው ምግብ የለመደ ድብ ሰው ወዳለበት መምጣት ያበዛል፤ በመጨረሻም ብዙ ጊዜ ይገደላል። ስለዚህ ፍርፋሪ እንኳ አትተዉ። ከድብ 100 ሜትር፣ ከኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዓይነት) እና ከአጋዘን 30 ሜትር ራቁ። የድብ መከላከያ ስፕሬይም በቦርሳ ሥር ሳይሆን ወገብ ላይ ይያዝ።

ከአገልግሎቱ ሁሉ በጣም የወደድኩት ሁለቱን ሐይቆች የሚያገናኘውን ባስ ነው። በዚያው ትኬት ከሞሬይን ወደ ሌክ ሉዊዝ ይወስዳችኋል፤ ሌላ ክፍያ የለም። ሌክ ሉዊዝ ለእናቴ ሆነላት። የዳር መንገዱ ሜዳ ነው፣ ወንበር ሞልቷል፣ ዊልቸርና የሕፃን ጋሪ ይሄዳል። ቀስ እያለች ሄደች፣ አረፈች፣ ደግሞ ሄደች። ታንኳ የሚከራየው በሰዓት ከ100 ዶላር በላይ ነው፤ ልጆቹ ለመኑ፣ አልፈን ሄድን።

መመለሻው ግን ሰዓት አይያዝለትም። ቀድሞ የተሰለፈ ይሳፈራል። ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ስለሚመለስ ሰልፍ ይኖራል። ልጅና አዛውንት የያዘ ሰው ጠዋት ገብቶ ከምሳ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ቢወጣ ይሻለዋል። የሚታጠፍ ትንሽ ወንበር ይዘን ነበር፤ እናቴ ሰልፉ ውስጥ ተቀምጣ ጠበቀች። ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ ከአምስት አራት ተኩል እሰጣለሁ። የጎደለው ግማሽ ይህ መጠበቅ ነው።

ስለ መኪናው ትንሽ ልበል። ባለ ሰባት መቀመጫ ቫን የተከራየነው ካልጋሪ ካለ አንድ ድርጅት ነው፤ ስሙን አልጠራም። አስቀድመን የከፈልንበት የልጅ ወንበር በዕለቱ የለም ተባለ። «ሌላ ቅርንጫፍ ሂዱ» አሉን። እናቴ ቆማ፣ ልጆቹ ተርበው፣ ጠዋታችን እዚያ አለቀ። ጎረቤት አበደረችን። ወንበሩን የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ በተለይ ወደ ጎረቤቱ ክፍለ ሀገር ወደ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የምትሻገሩ ከሆነ። እዚያ ልጅ 9 ዓመት እስኪሞላው ወይም ቁመቱ 145 ሴንቲሜትር እስኪደርስ ከፍ ማድረጊያ ወንበር ግዴታ ነው። የአልበርታ ሕግ ከዚህ ይላላል፤ ግዴታው ዕድሜያቸው ከ6 ዓመት፣ ክብደታቸው ከ18 ኪሎ በታች ለሆኑ ልጆች ነው። ድንበሩ ደግሞ ከሌክ ሉዊዝ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

ከካልጋሪ ስትመጡ ልጆቹን የሚያዝናናው ባንፍ አካባቢ መንገዱን የሚሻገሩት የእንስሳት ድልድዮች ናቸው። ዛፍና ሣር የበቀለባቸው ስድስት ድልድዮች ከላይ፣ 38 መሻገሪያዎች ደግሞ ከሥር አሉ። ድቡና ኤልኩ መኪና ሳይገጨው ይሻገራል። ልጆቹ ድልድይ ቀድሞ ለማየት ተሽቀዳደሙ፤ ስልክ የጠየቀ አልነበረም።

በማግስቱ አይስፊልድስ ፓርክዌይ የሚባለውን የተራራ መንገድ ይዘን ወደ ጃስፐር ከተማ ሄድን። 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በካርታ ላይ የሦስት ሰዓት መንገድ ይመስላል፣ ለቤተሰብ ግን ሙሉ ቀን ስጡት። ነዳጅ ሌክ ሉዊዝ ላይ ሙሉ። መሃል ላይ ያለው ማደያ ሳስካችዋን ክሮሲንግ ብቻ ነው፣ ውድ ነው፣ በዊንተር (በበረዶው ወራት) ይዘጋል። ኔትወርክ አብዛኛው ቦታ የለም፤ ካርታውን አውርዳችሁ ያዙ። ፔይቶ ሐይቅ ላይ ቁሙ። አታባስካ ፏፏቴ ላይ ቁሙ፤ ከፍታው 23 ሜትር ብቻ ነው፣ ድምፁ ግን ደረት ያንቀጠቅጣል። ከአጥሩ አትለፉ፤ ድንጋዩ ያዳልጣል።

አታባስካ ግግር በረዶ ጋ በእግር የሚወጣ አጭር ግን ዳገታማ መንገድ አለ። በመንገዱ ላይ በረዶው ድሮ የት ድረስ እንደነበረ የሚያሳዩ የዓመት ምልክቶች ተተክለዋል። ባለፉት 125 ዓመታት ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ሸሽቷል። ታላቋ ልጄ ከአንዱ ምልክት እስከሚቀጥለው በእርምጃ ቆጠረች። ከዚያ ዝም አለች። በበረዶው ላይ በትልቅ መኪና የሚወስደው ጉብኝት ውድ ነው፤ እኛ መንገዱን መርጠናል፣ አልቆጨንም። በረዶው ላይ ግን ያለ መሪ አትውጡ፤ ውስጡ ስንጥቅ አለው።

ጃስፐር ስትደርሱ የተቃጠለ ጫካ ታያላችሁ። በጁላይ 2024 የሰደድ እሳት ከከተማዋ ሕንፃዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉን በልቷል። ነዋሪው እንግዳ ይፈልጋል። እዚያ ምሳ ብሉ፣ ቡና ጠጡ፣ ከቻላችሁ እደሩ።

ጊዜ የሚተርፋችሁ ደግሞ ከድንበሩ ማዶ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ያለውን ዮሆ ፓርክን ጨምሩ። ኤመራልድ ሐይቅ ለአዛውንት ምቹ ነው። 373 ሜትር የሚረዝመውን ታካካው ፏፏቴ ለማየት ግን መንገዱ በጣም የታጠፈ ነው፤ ተጎታች ይዞ መግባት አይፈቀድም፣ ረጃጅም ሞተርሆሞችም (ማደሪያ ያላቸው መኪኖች) አንዱን ጥምዝ ወደ ኋላ እየነዱ ነው የሚያልፉት። በተራ ቫን ግን ያለ ችግር ይደረሳል፤ መንገዱ የሚከፈተው ከጁን መጨረሻ ገደማ ጀምሮ ነው።