በባሕር ዳር ላፕቶፕ ማስጠገን፦ ዳታን ያስቀደመው ጥገና ቤት

ለእረፍት ወደ ባሕር ዳር በመጣሁበት ሰሞን የታናሽ እህቴን ላፕቶፕ ለማስጠገን ሁለት የኮምፒውተር ጥገና ቤቶችን አይቻለሁ። የመጀመሪያውን ለማንም አልመክርም፤ ፖሊ በሚባለው መስመር ያለውን ሁለተኛውን ግን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ሁለቱን ለይቶ ያሳየኝ ገና ማሽኑን ሲረከቡ የጠየቁት ጥያቄ ነው። ከውጭ የምንመጣ ሰዎች ቤት ስንደርስ የተበላሸ ኮምፒውተር ወይም ስልክ እንድናይላቸው ቤተሰቦቻችን ስለሚጠብቁን፣ ያየሁትን በዝርዝር መጻፉ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

እህቴ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዲግሪዋን የምትማር ሲሆን፣ የመመረቂያ ጽሑፏ፣ ከአዛውንቶች የቀዳቻቸው ቃለ መጠይቆችና የቤተሰባችን ፎቶዎች በሙሉ እዚያው ማሽን ውስጥ ነበሩ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ የሚሠራው ቻርጀር ላይ እንደተሰካ ብቻ ነው። ዊንዶውስ 10 አፕዴት እየጫነ ሳለ መብራት ሄደ፣ ማሽኑም ወዲያው ጠፋ። ከዚያ በኋላ በተከፈተ ቁጥር የተጀመረውን ለውጥ ወደ ኋላ እየመለሰ መሆኑን ይናገራል፣ ራሱን አጥፍቶ እንደገና ይነሣል፣ መጨረሻ ላይ ሰማያዊው የጥገና ገጽ ላይ ይቆማል። አፕዴት በሚጫንበት ጊዜ ሲስተሙ አሮጌዎቹን ፋይሎች በአዲስ ስለሚተካ፣ ሥራው መሐል ላይ ኃይል ከተቋረጠ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ይህ ማለት ግን በውስጡ ያለው ሰነድ ጠፍቷል ማለት አይደለም።

የመጀመሪያው ቤት ይህን ልዩነት ሊሰማ አልፈለገም። ባለሙያው ስክሪኑን አንድ ጊዜ አየና «ፎርማት አድርገን፣ ሙሉ ሶፍትዌር ጭነን ዛሬውኑ እንሰጥዎታለን» አለ። ፎርማት ማድረግ የዲስኩን ይዘት መደምሰስ ስለሆነ ስለ ዳታው ስጠይቀው የሰጠኝ መልስ «ዲ ላይ ያለው አይነካም» የሚል ነበር። እርግጥ ነው፣ ብዙ ጥገና ቤቶች ዲስኩን ሲ እና ዲ ብለው ለሁለት ይከፍሉና ፎርማት የሚያደርጉት ሲን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ አብዛኛው ሰው ሥራውን የሚያስቀምጠው ዴስክቶፕ ላይ ወይም ዶክመንትስ ውስጥ ሲሆን፣ ሁለቱም ካልተዛወሩ በቀር የሚገኙት ሲ ውስጥ ነው። የእህቴም ጽሑፍ ያለው ዴስክቶፑ ላይ ነበር። ደንበኛው ሰነዱን የት እንደሚያስቀምጥ ሳይጠይቁ ፎርማት ለማድረግ መነሣት፣ በእኔ ግምት፣ በዚህ ሙያ ከሚሠሩ ጥፋቶች ሁሉ የከፋው ነው። ማሽኑን ይዘን ወጣን።

በሁለተኛው ቤት የተቀበለን ወጣት ማሽኑን ሳይከፍት በፊት እህቴን ምን ምን እንዳለበት፣ የትኛው ፎልደር ከሁሉ እንደሚቀድም፣ ሌላ ቦታ ቅጂ እንዳላት ጠየቃት። ቀጥሎም ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን አጣራ፤ ተቆልፎ ከሆነ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ያስፈልጋል፣ ቁጥሩ ሳይገኝ ባዮስ (ማሽኑን የሚያስነሣው መሠረታዊ ፕሮግራም) ውስጥ ያለውን ማስተካከያ መነካካትም አደጋ አለው። የእህቴ ዲስክ አልተቆለፈም ነበር። እኔ ስለ ዋጋው ስጠይቀው «ጋሼ፣ ዳታው ይቅደም፤ ዊንዶው የትም አይሄድም» አለኝ።

እንዳለውም አደረገ። በዲስኩ ላይ ያለውን ዊንዶውስ ጨርሶ ሳያስነሣ፣ ሊኑክስ የተባለው ሌላ ሲስተም ከተጫነበት ፍላሽ ማሽኑን አስነሥቶ የዲስኩን ጤንነት አሳየን። ባድ ሴክተር የሚባሉ የተበላሹ የዲስክ ቦታዎች ተገኝተው በመጠባበቂያ ቦታ መተካታቸውን የሚመዘግበው ቁጥር ከዜሮ በጣም ርቆ ነበር። እዚህ ላይ ጉዳዩ ግልጽ ሆነልኝ፦ መብራቱ ለብልሽቱ ምክንያት ቢሆንም፣ ዲስኩ ራሱ እያረጀ ነበር፤ በመጀመሪያው ቤት ፎርማት ተደርጎ ቢሆን ኖሮ አዲሱ ዊንዶውስ በዚያው በሚሞት ዲስክ ላይ ይጫን ነበር። ባለሙያው በመጀመሪያ የመመረቂያ ጽሑፉን፣ ከዚያ የድምፅ ፋይሎቹን፣ በመጨረሻ ፎቶዎቹን ወደ ውጫዊ ዲስክ ገለበጠ፤ ዲስኩ ሳይደክም አስፈላጊው ይውጣ ማለቱ ነው። እህቴ ፋይሎቹን በሌላ ኮምፒውተር ላይ አንድ በአንድ ከፍታ ካላረጋገጠች በቀር ወደሚቀጥለው ሥራ አላለፈም።

ከዚያ በኋላ ነበር ጥገናውን የሞከረው። ከሰማያዊው ገጽ ውስጥ የመጨረሻውን አፕዴት የሚያስወግደው አማራጭ አለ፤ በጤነኛ ዲስክ ላይ ብዙ ጊዜ ይኸው ብቻ ይበቃል። በእኛ ዲስክ ላይ ግን አልሆነም፤ ባለሙያውም አለመሆኑን ሳይሸፋፍን ነገረን።

ስለዚህ ወደ ማሻሻሉ ተሻገርን። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ፣ አዲስ ዲስክ ከተገዛ ዊንዶውስ 11ን መጫን ተገቢ ነበር። ላፕቶፑ 8ኛ ጀነሬሽን ኢንቴል ኮር አይ 5 ስለሆነ በደረጃው ብቁ ነው፤ የእህቴ ጓደኞች ግን «ይኼ ማሽን 11 አይቀበልም» ብለዋት ነበር። ምክንያቱ ቀደም ሲል ዊንዶውስ የጫነላት ሰው ባዮሱን በአሮጌው ሌጋሲ አሠራር ትቶት መሄዱ ነው። ዊንዶውስ 11 ዩኢኤፍአይ የተባለውን አዲሱን የማስነሻ አሠራር፣ ሴኪዩር ቡትን (ያልተረጋገጠ ፕሮግራም ማሽኑን እንዳያስነሣ የሚከለክለውን ጥበቃ) የሚችል ማሽን፣ እና የምስጢር ቁልፎችን የሚጠብቀውን ቲፒኤም 2.0 ይፈልጋል፤ ቲፒኤሙ በዚህ ማሽን ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ሲሆን፣ ባዮስ ውስጥ ፒቲቲ በሚል ስም ተዘግቶ ተቀምጦ ነበር። ባለሙያው እህቴን አጠገቡ አስቀምጦ የትኛውን እንደከፈተ እያሳየ አስተካከለው።

ማሽኑ ሲፈታም እዚያው ነበርን። በነጭ ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ቅርጽ በእስክሪብቶ ሥሎ፣ ያወጣውን እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ላይ አስቀመጠ፤ ረጃጅሞቹ ብሎኖች ያለ ቦታቸው ከገቡ ማዘርቦርዱን ሊጎዱ እንደሚችሉ ለእህቴ አስረዳት። የማራገቢያውን አቧራ በብሩሽ ጠረገ፣ በፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ሙቀት አስተላላፊ ፔስት አጽድቶ አዲስ ቀባ። የባሕር ዳርን የሚያዝያ ሙቀት ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በአሮጌው ዲስክ ምትክ ኤስኤስዲ የተባለው ፈጣን ዲስክ ገባ፣ ራሙም ከ4 ጊጋባይት ወደ 8 ከፍ አለ። የማሽኑ የዊንዶውስ ፈቃድ ከማዘርቦርዱ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ዲስኩ ቢቀየርም ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ታወቀ፤ ክራክ የሚባለው፣ ያለ ፈቃድ ዊንዶውስን የሚያሠራ ፕሮግራም አላስፈለገም። ክራክ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዞ ስለሚመጣ፣ ፈቃድ ላለው ማሽን ይህን የሚጭን ጥገና ቤት ደንበኛውን ይበድላል።

በአማርኛ ለሚጽፉ ሁሉ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። እህቴ ጽሑፏን በአዲሱ ሲስተም ስትከፍተው ፊደሉ ተለውጦ፣ ገጾቹም ተዛንፈው አገኘቻቸው። የጻፈችው ኒያላ በተባለው ፎንት ሲሆን፣ ኒያላ አሁን ከዊንዶውስ ጋር በቀጥታ አይመጣም፤ ከአማራጭ ተጨማሪዎች ውስጥ የኢትዮጵያ ፊደል ፎንቶችን መርጦ መጫን ያስፈልጋል። ባለሙያው ይህን ያውቅ ስለነበር በደቂቃዎች አስተካከለላት፤ የድሮ ሰነዶቿ የተጻፉባቸውን ሌሎች ፎንቶችም ከአሮጌው ዲስክ አውጥቶ አስገባላት። የሚያገለግለውን ሰው ሥራ የሚያውቅ ባለሙያ ማግኘት እንዴት እንደሚያስደስት በዚህ ጊዜ ተረዳሁ።

የቅሬታዬን ነጥቦችም መናገር አለብኝ። የዕቃውና የእጅ ዋጋው በደረሰኙ ላይ ተለያይቶ ቢጻፍም፣ ግምቱ አስቀድሞ በጽሑፍ አልተሰጠንም፤ ሥራው ሲያልቅም ሳይደውሉልን ስለቀሩ ሄደን መጠየቅ ነበረብን። በዚያ ቤት በውጭ ባንክ ካርድ መክፈል ስላልተቻለ ሂሳቡን እህቴ በቴሌብር ከፈለች፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያስብበት ይሻላል። ለኤስኤስዲውና ለራሙ የሰጡን ዋስትና ግን በማኅተም የተረጋገጠ ነው፤ አሮጌውን ዲስክም ሳንጠይቅ መልሰውልናል፣ ይህንንም የታማኝነት ምልክት አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ባትሪው አልተቀየረም። ለዚያ ሞዴል በገበያው የተገኘው ያገለገለ ባትሪ ስለነበር፣ ዋስትና ልንሰጥበት አንችልም ብለው አልሸጡልንም። እስከዚያው ድረስ ማሽኑን መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል በሚሰጠው በዩፒኤስ በኩል እንድትሰካው፣ አፕዴቱንም ከማስተካከያው ውስጥ ለጊዜው እንድታግደው መክረዋታል። አሁን አፕዴቱን የምትለቀው ጄኔሬተር ባለበት በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ስትቀመጥ ብቻ ሲሆን፣ ትክክለኛውን ባትሪ አንድ ሻጭ ከአዲስ አበባ ሊያስመጣላት ቃል ገብቷል።