ፌልኮ 2 የመግረዣ መቀስ በሂቢስከስ አጥር ላይ

የግቢዬን የሂቢስከስ (አበባ የሚያወጣ ቁጥቋጦ) አጥር ለዓመታት የገረዝኩት ከገበያ በገዛሁት ርካሽ መቀስ ነበር። የሂቢስከስ ቅርፊት ቃጫ የበዛበት ስለሆነ የዶለዶመው ስለት ቅርንጫፉን ቆርጦ ከመጣል ይልቅ ቅርፊቱን ወደ ታች ይልጠው ነበር፤ የተላጠውም ቦታ ሳይድን ይደርቃል።

እህቴ ከውጭ ያመጣችልኝ የስዊዘርላንዱ ፌልኮ 2 ይህን ችግር አስቀርቶልኛል። ስለታሙ ምላጭ ከታች ባለው ቆልማማ ደጋፊ ጎን አልፎ ስለሚቆርጥ ቅርንጫፉን አይጨፈልቅም። ክብደቱ 240 ግራም ያህል ሲሆን እስከ 25 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ቅርንጫፍ ይቆርጣል። ምላጩም ሆነ ስፕሪንጉ ሲያረጅ ለብቻው ስለሚቀየር ዋጋው ቢወደድም አይቆጭም። እጀታው ግን ለትንሽ እጅ ሰፊ ነው፤ ለትንሽ እጅ ፌልኮ 6፣ ለግራኝ ደግሞ ፌልኮ 9 ይሻላል።

ሂቢስከስ የሚያብበው በአዲስ ቅርንጫፍ ላይ በመሆኑ፣ እኔ የአዲስ አበባ የሌሊት ብርድ ካለፈ በኋላ በየካቲት መጨረሻ የእያንዳንዱን ቅርንጫፍ ሲሶ ያህል፣ ወደ ውጭ ከሚያይ አንጓ ትንሽ ከፍ አድርጌ እቆርጣለሁ። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሳልፍ ምላጩን በአልኮል እጠርጋለሁ፤ ጎረቤቶቼ ይህን ሲያዩ ይስቁብኛል፣ ነገር ግን በሽታ በመቀስ ይተላለፋል። ከገረዝኩ በኋላ ብስባሽ ጨምሬ በደንብ አጠጣለሁ፤ ፎስፈረስ የበዛበትን ማዳበሪያ ግን ሂቢስከስ አይወደውም።