ሽሮ ሜዳ፦ ለአባቴ ጋቢ ያሠራሁበት የሽመና ቤት

ባለፈው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለአባቴ ጋቢ ለማሠራት ሽሮ ሜዳ ወጥቼ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ለሚገኝ አንድ ጠባብ የሽመና ቤት ትእዛዝ ሰጠሁ። ለቤታችን የመጀመሪያ ልጅ ነኝ፤ ሁለቱ ታናናሾቼ ተምረው ሥራ እስኪይዙ ድረስ የራሴን ሁለተኛ ዲግሪ 9 ዓመት አቆይቼ፣ በዚያው ክረምት በማታው መርሐ ግብር ተመርቄ ነበር። ጋቢውን ያሠራሁት የምረቃዬ መታሰቢያ እንዲሆን ነው።

ሸማኔው በዕድሜ የገፉ የጨንቻ ሰው ናቸው። ቀብዱን ከመቀበላቸው በፊት፣ መስቀልን አገር ቤት ሳይውሉ ሥራውን እንደማይጀምሩ በግልጽ ነገሩኝ። የመስቀል ሰሞን ከጋሞ የመጡ ሸማኔዎች ወደ ቤተሰባቸው ስለሚሄዱ ሰፈሩ ጭር ይላል። በጥቅምት አጋማሽ አደርሳለሁ ባሉት መሠረትም አደረሱልኝ።

ሥራቸውን ለማየት ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የሽመና ዕቃው ከተተከለበት ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጠው፣ በእግራቸው እየረገጡ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ እጃቸው ወደ ግራ ያሳልፋሉ። ድሩ የፋብሪካ ክር ሲሆን ማጉ በእንዝርት የተፈተለ ነው፤ ጋቢው የሚለሰልሰውና የሚሞቀውም በዚህ ፈትል ነው። ጥቂት ከሠሩ በኋላ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ይዳስሱታል። አንድ ጊዜ ማጉ ላይ ትንሽ ቋጠሮ አግኝተው አራት ጣት ያህል የተሠራውን መልሰው ፈቱት። «ጋሼ፣ እኮ አይታይም» ስላቸው፣ «ለባሹ ላያየው ይችላል ልጄ፤ እኔ ግን አይቼዋለሁ» አሉኝ።

ግድግዳው ላይ የጋሞ ባህላዊ ልብስ የሆነው ዱንጉዛ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለማት ያሉት፣ ጥለቱን ራሳቸው ያወጡት ሸማ ተሰቅሏል። ልግዛው ብላቸው እንደማይሸጥ ነገሩኝ፤ የሰው ትእዛዝ ባለቀባቸው ማታዎች ብቻ ሦስት ዓመት ሙሉ የሠሩት ነው። ቀረብ ብዬ ሳየው ጠርዙ እንደ አባቴ ጋቢ አንድም ቦታ አልተዛነፈም። እነዚያን 9 ዓመታት ከራሴ ላይ ተቆርጠው ለሌላ የተሰጡ አድርጌ እቆጥራቸው ነበር፤ የእሳቸው እጅ ግን ያንን ሸማ ለመሥራት የበቃው ልጆቻቸውን ባሳደጉባቸው የሰው ጋቢዎች ላይ ሲደክም ኖሮ ነው። ነገሩን ማሳመርም አልፈልግም፤ «ጊዜ ባገኝ ኖሮ እንዲህ ያለ ብዙ እሠራ ነበር» ሲሉ በድምፃቸው ውስጥ የነበረውን ቁጭት አውቀዋለሁ።

ዋጋቸው ከአካባቢው ሱቆች ከፍ ይላል፤ ለዚህ ዓይነት ሥራ ግን ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ጉድለት የምለው አንድ ብቻ ነው፦ ሁለቱ ወርዶች የተጋጠሙበት ስፌት ወፍራም ስለነበረ ትከሻ ላይ ይሰማል። ይህን ስነግራቸው ሳይከራከሩ፣ ተጨማሪ ክፍያም ሳይጠይቁ በዚያው ቀን ፈትተው በቀጭን ክር ሰፉልኝ። አባቴ አሁን ሌሊት ለኪዳን ሲሄዱ ይለብሱታል፤ ከታጠበም በኋላ ጠርዙ አልተጣመመም።

ማዘዝ የምትፈልጉ ከሐምሌ በፊት ሂዱ፤ የለባሹን ቁመትም ለክታችሁ ያዙ፤ ከሁሉ በፊት የሚጠይቁት እሱን ነው።